ነቅታ ሳትጨርስ የመለሰችው ሳጥን

ጠይባ ከጎልማሶች ትምህርት ወጥታ በመካነ ሰላም መናኸሪያ በኩል ስታልፍ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም ጋሼ አብዱሰላም ትንሿን ኮምፒውተር በፎጣ ጠቅልለው የደሴን መኪና ሲጠብቁ አየቻቸው። የሟቹ አማቷ የሼህ ሙእሚን የአሥራ አንድ ዓመት የቁርአን ቂርአት በድምፅ የተቀመጠው በዚያች ሳጥን ውስጥ ነው። ከሰኞ ጀምሮ መብራቷ ይበራል እንጂ አልነሳ ብላለች። ሰኞ ቤት ስትጠርግ የመብራት ገመዷን የነቀለችው ራሷ ጠይባ መሆኗን ግን ማንም አያውቅም።

«ወዴት ነው ጋሼ?»

«ደሴ። ጠጋኙ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ አስነሳታለሁ ብሏል።»

«የሼሁስ ድምፅ?»

«ከሞተች ወዲያ ምን ይደረጋል?»

ጠይባ እየለመነች ልጇ ባሲማ ኮምፒውተር ወደምትጠግንበት ሱቅ ወሰደቻቸው።

«አጎቴ፣ ምን እንደነካት ሳይጠይቁ ያጠፏታል?» አለች ባሲማ። «ውስጧ ያለው፣ ሊኑክስ የሚባለው የሚያሠራት ፕሮግራም ሲነሳ እርምጃውን ሁሉ ይናገራል። በእነዚህ ሦስት ሽቦዎች ጆሮ ከሰጠናት ነቅታ ሳትጨርስ እናነጋግራታለን።»

«ስልሳ ዓመት ስኖር ሳይነቃ ሲያወራ ያየሁት ቅዠታም ብቻ ነው!»

ባሲማ ሽቦዎቹን ከላፕቶፕዋ ጋር አገናኝታ ሳጥኗን አበራች። ምንም የለም።

«ይኸው! የዘንድሮ ልጅ ወሬ ብቻ!»

«አጎቴ፣ ታገሡኝ እንጂ፣ እኔ እኮ...»

«መኪናው ሊያመልጠኝ ነው እኮ...»

ጠይባ አልቻለችም። «ኧረ በአላህ! ሁለታችሁም ትናገራላችሁ፤ የሚሰማው ማነው?»

ባሲማ ሽቦዎቹን አየችና ግንባሯን መታች። «እማዬ! የሷን መናገሪያ ከላፕቶፔ መናገሪያ ጋር ነው ያሰርኩት!» አንዱ ሲናገር ሌላው እንዲሰማ አዛውራ ሰካችና እንደገና አበራች።

ፊደሉ በላፕቶፑ ጥቁር መስታወት ላይ እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ። ባሲማ ፈጥና አስቆመችው፤ በማስነሻው ትእዛዝ ላይ አንዲት ቃል ጨመረች። ዝናቡ እንደገና ወርዶ ቆመና አንዲት ምልክት ብቻ ብልጭ ድርግም አለች።

«ይህ ሼል ይባላል። ማከማቻዋን ሳትከፍት ደጃፉ ላይ አቁመናታል። የምንጽፍላትን ትሠራለች፤ መልሷንም ትጽፋለች።»

«ሱብሃነላህ!» አለች ጠይባ። አንዲት ፊደል ለመለየት ስንት ቀን ያላባት ሴት፣ የተኛ ብረት በፊደል ሲመልስ አየች። ወዲያው ግን ፍርሃት ያዛት። «ማን እንደነቀላትም ትናገራለች?»

ባሲማ የፍተሻ ትእዛዝ ጽፋ የሳጥኗን መልስ እያነበበች ሳቀች። «እሱንስ አታውቅም። ስትጽፍ መብራት ተቋርጦባት ማከማቻዋ ተዛብቷል፤ ይቃናል።»

ጠይባ ግን ዝም ማለት አቃታት። «ጋሼ፣ የነቀልኳት እኔ ነኝ። ማሩኝ።»

ሽማግሌው ፎጣውን አጣጥፈው አስቀመጡ። «አንቺ ባትነቅዪም መብራቱ አንድ ቀን ይሄድ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የአባቴን ድምፅ በአንድ ሳጥን ብቻ ያኖርኩት እኔ ነኝ። ሳይጠይቁ ማጥፋትም ይቅር። ዛሬውኑ ሁለት ቅጂ አውጪ ልጄ፤ አንዱ ወግዲ ባለችው እህቴ ዘንድ ይቀመጥ።»

እንዲህ ሆኖ፣ የተበላሸውን ከመጣል በፊት የሚጠይቅ ሰው ያለውን አያጣም፤ ጥፋቱን የሚናገርም መፍትሔውን ያፋጥናል።

ባሲማ ማከማቻውን አቃንታ ሁለቱን ቅጂ ካወጣች በኋላ፣ ከቅጂው አንዱን ድምፅ ከፈተች። ሼህ ሙእሚን ሳል አሉ፤ ወረቀት ገለጡ፤ ከዚያም ቂርአቱን አቋርጠው፣ «አብዱሰላም፣ በሩን ዝጋው፤ ነፋስ ገባ» አሉ።

ጋሼ አብዱሰላም ተነሥተው የሱቁን በር ዘጉ።