የእትዬ ዘነቡ ግራ ጭን

ዓርብ ከሰዓት ዘነቡ በምትሠራበት ዐረብ አገር፣ ቢን ኦምራን በሚባለው ሰፈር ካለው የሐበሻ ሱቅ ገብታ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ሽሮ ለማንሣት ቁጢጥ አለች። መቀመጡንስ ተቀመጠች፤ መነሣቱ ግን እንቢ አላት። መደርደሪያውን ይዛ ስትታገል አንድ እጅ በብብቷ ሥር ገብቶ ብድግ አደረጋት። ዞር ብትል ሩሚያ ናት፤ የወሎዋ ልጅ፣ እዚያው ሰፈር ባለ ክሊኒክ የተጎዳ እግር የምታለማምደው።

«እትዬ ዘነቡ፣ የተሰበረው ግራ እግርዎ ጀሶው ከተፈታ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ሁለት ወር። ኸላስ፣ አለቀ፤ ድኛለሁ።»

«የዳነ ሰው መደርደሪያ አቅፎ ይነሣል?»

ዘነቡ ከአንገት በላይ ሳቀች። አል ቱማማ ሰፈር በምትሠራበት ቪላ የአሠሪዋ የማዳም እናት፣ ሐጃ፣ ፎቅ ላይ ተኝተዋል፤ ከዘነቡ እጅ ካልሆነ አይጎርሱም። ዘነቡም ዐሥራ አንድ ዓመት ስታጎርሳቸው እንደ እናቷ ወዳቸዋለች። ማዳም ግን፣ ክፉ ሴት ባትሆንም፣ «እስከ ረመዳን ደረጃውን መውጣት ካልቻልሽ አገርሽ ግቢና ዕረፊ» ብላታለች። ለማንም ያልተነፈሰችውን ይህን ጉድ ለሩሚያ ነገረቻት።

«እንግዲያው የክሊኒካችን ሐኪም ይይዎት፤ ጭንዎን በአልትራሳውንድ እንለካዋለን።»

ዘነቡ አማተበች። «በስመ አብ! ዘነቡ አልትራሳውንድ ገባች ቢባል፣ አረገዘች ተብሎ ነው የሚወራው። በሃምሳ አራት ዓመቴ!»

«መሣሪያው እኮ የእርጉዝ ብቻ አይደለም፣ እትዬ። በድምፅ ሞገድ የሥጋን ውስጥ ያሳያል። መርፌ የለው፣ ጨረር የለው።»

«ደግሞስ ምኑ ይለካል? ይሄን የሚያህል ጭን አይታይሽም? ውፍረት ጤና ነው ብለው ነው ያሳደጉን።»

«በሜትር ቢለካማ ወፍራም ነው። ሜትር ግን ጡንቻውን ከስቡ አይለይም። ጀሶ ውስጥ የከረመ እግር ጡንቻው ይከሳል፤ ስቡ ደግሞ ይሸፍንለታል። ደረጃ የሚያስወጣው ጡንቻው ነው።»

«ታዲያ ዕረፍት ይጨመርለታ!»

«እንዲህ ያደረገው እኮ ዕረፍቱ ነው።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልን ሌላውን እንመክራለን፤ የራሳችን ሲሆን ግን በረጅም ቀሚስ ሸፍነን እናነክሳለን። ዘነቡም የሐጃ ነገር ባያንገበግባት ኖሮ ክሊኒኩን ባልረገጠችው ነበር።

ሐኪሙ ካያት በኋላ ሩሚያ ጭኗን ቀዝቃዛ ጄል ቀብታ መሣሪያውን ሳትጫን አሳረፈችበት። በመሣሪያው ስክሪን ላይ ስለወጣው ምስል ልታስረዳ ስትል ዘነቡ ቀደመቻት።

«ቆይ! ይሄ የላዩ ጮማ ነው። ከሥሩ ቀዩ ሥጋ። እታች የሚያበራው አጥንት። ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ወጥ ቤት ኖሬ ይሄ ይጠፋኛል?»

«ወላሂ፣ እኔ ይህን ለመለየት ስንት ወር ፈጅቶብኛል!»

የቀኝ ጭኗ ቀይ ሥጋ ውፍረቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሆነ። የግራው ሁለት ነጥብ ሦስት። ጮማው ግን እኩል ነበር። ዘነቡ ግራ ጭኗን ቸብ አደረገችው።

«አንተ አታላይ! ልኳንዳ ቤት ይህን ቢሰጡኝ እመልሰው ነበር።»

ከዚያ ወዲያ የታዘዘችውን ሳታጓድል ሠራች፤ ከወንበር ያለ እጅ መነሣት፣ ዝቅተኛዋን ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ከጾም ምግቡም ሽምብራና ምስር ማብዛት። መጀመሪያ ሰሞን ጭኗን ሲያቃጥላት ሩሚያን በስልክ ረገመቻት። በስምንተኛው ሳምንት ሲለካ የግራው ቀይ ሥጋ ሁለት ነጥብ ሰባት ደረሰ። ልኬት ጥቅሙ ይህ ነው፦ ከዐይን የተሸፈነውን ይገልጣል፣ የደከመ ሰው ድካሙ ከንቱ እንዳልቀረ ያያል።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ዘነቡ የሐጃን ሾርባ ይዛ፣ መደገፊያውን ሳትነካ፣ ፎቅ ወጣች። ማዳም ከታች ቆማ እስክትጨርስ አየቻትና «እንዴት?» አለች። ዘነቡም አልትራሳውንዱን ሳታፍር ነገረቻት፤ ቀጥላም «የሐጃስ ጭን ለምን አይለካም?» ብላ ጠየቀች።

የሐጃም ሐኪም ልኬቱንም ልምምዱንም ፈቀደ። አንድ ጧት ዘነቡ አልጋቸው ጫፍ ላይ አስቀመጠቻቸውና ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«ያላ ሐጃ፣ ይነሡ።»

«ተይኝ ዘነቡ፣ ልረፍበት። አርጅቻለሁ።»

«እንዲህ ያደረገዎት እኮ ዕረፍቱ ነው» አለች ዘነቡ በዐረብኛዋ።

ሐጃ እያጉረመረሙ እጆቿን ያዙና ተነሡ።