የኮኮናት ወተት

ራሴን በራሴ ያስተማርኩት በጆሮዬ ነው፤ ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አያመልጠኝም። ከአዳማ ስንነሳ፣ ልብስ ልታመጣ ባንኮክ የምትሄድ አንዲት እናት አጠገቧ የተቀመጠችውን፣ ባንኮክ ደርሳ የመጣች ወጣት ነጋዴ ትጠይቃለች።

«ልጄ፣ ሁዳዴን እዚያ ምን እየበላሁ ልጹም?»

«ማንጎ በሩዝ ይብሉ፣ እትዬ። ወተት ያፈሱበታል።»

«በጾም ወተት?»

«የኮኮናት ነው። ላም አታውቀውም።»

«የፓፓያ ሰላጣውስ?»

«እሱ እንኳ የዓሣ መረቅ ይገባበታል።»

«ይቅርብኝ። ሌላስ?»

«የተጠበሰ ሙዝ አለ። መንገድ ዳር ይሸጣል።»

«ተባረኪ፣ ገላገልሽኝ! ይሄን በሶ ለእህቴ ትቼላት እሄዳለሁ። አንቺ የትኛውን ወደድሽው?»

«እኔማ አልቀመስኩም። ጾም ስለነበር ከቤት የወሰድኩትን በሶ በጥብጬ ጠጣሁ።»

እናትየዋ የበሶውን ከረጢት ወደ ጭኗ ሳብ አደረገች።

እኔም ሞጆ ላይ «ወራጅ» ማለቱን ረስቼ ቢሾፍቱ ደረስኩ።