ለቅሶ የመጡበት ልደት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ነገሌ ላይ ልደት የሚያከብረው ሻምበል ብቻ ነበር። ሌላው ሰው መቼ እንደተወለደ የሚያውቀው በዝናብና በድርቅ ነው፤ «እናትሽ አንቺን የወለደች ዓመት ዝናቡ ቀርቶ ነበር» ይባላል፣ አለቀ። የጦር ሰፈሩ መኮንኖች ግን ለልጆቻቸው ኬክ ይቆርሳሉ፣ ሻማ ያበራሉ፣ ያስዘፍናሉ። ታዲያ ልጆቻችን በአጥር ቀዳዳ ያንን አዩና ቤት መጥተው ሰላም ነሱን።

የኔዋም ትርንጎ ነሳችኝ። ትርንጎ ያላት አባቷ ነው። የተወለደችው በመጸለት ነዋ፤ መጸለት የእኛ የቤተ እስራኤሎች የዳስ በዓል ነው፣ አባቶቻችን ከግብፅ ወጥተው በረሃ ለበረሃ በዳስ ማደራቸውን የምናስብበት። ትርንጎ ደግሞ የበዓሉ ፍሬ ነው ብሎ አወጣላት። አባቷ፣ አስረስ፣ መምህር ነበር። ከጎንደር ነገሌ ተዛወረ ተባለና በጭነት መኪና፣ ጨው በያዘ ጆንያ ላይ ተቀምጠን መጣን። ስንወርድ ቅንድባችን ሳይቀር ቀይ አፈር ነበር።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ታንጉት የጎንደር ሰው ናት። እኔ ሞኟ የአገር ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። እሷ ግን መምህሩ ማለዳ ሲጸልይ በአጥር ሰማችው፣ ማን እንደሆንን አወቀች፣ እና ሰፈሩን አዳረሰች። «ከነሱ ቤት እህል ውኃ እንዳትቀምሱ፣ ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ልጅ ይበላል» አለች። ይኸውላችሁ፣ ሰላምታው አይጎድልም፤ «እንደምን አደርሽ»፣ «እግዜር ይመስገን»፣ «ልጆች ደህና ናቸው?» ሁሉም አለ። እህል ግን የለም። እኔም ኩሩ ነኝ፣ ማንንም ብሉልኝ ብዬ አልለምንም አልኩና ዝም አልኩ። እኔስ ይሁን። ልጄ ግን ምን በወጣት?

ሰባት የሞላት ዕለት የክፍሏን ልጆች ጠራሁላት። የቀበሌ ስኳር ሳጠራቅም ከርሜ ሻይ በትልቁ ማንቆርቆሪያ ጣድኩ፣ ድፎ ዳቦ ደፋሁ፣ አዲስ ቀሚስ አለበስኳት። እሷም ወጥታ በር ላይ ቆመች። ቆመች፣ ቆመች፣ ፀሐይ ዞረች። ከልጆቹ አንድም አልመጣ። የመጣችው ይቺ አጠገቤ የተቀመጠችው ቦረናዋ ሎኮ ብቻ ናት፤ ያኔ ከሊበን ወተት በእግሯ እያመጣች ትሸጥልን ነበር። ሎኮ ዳቦውን አየች፣ ልጅቱን አየች። ቁጭ ብላ በላች፣ የተረፈውንም ለልጆቿ ይዛ ሄደች። ያን ቀን የበላሽውን ዳቦ፣ ሎኮ፣ አንጀቴ ውስጥ ጽፌዋለሁ።

ታዲያ ዓመቱ ዞረና ስምንት ሊሞላት ሆነ። መጸለት በጨረቃ ነው የሚቆጠረው፣ ልደቷ በፀሐይ፤ ከዓመት ዓመት አይገናኙም። በዚያ ዓመት ግን መምህሩ ቆጠረ ቆጠረና «የትርንጎ ልደትና በዓሉ ዘንድሮ አንድ ቀን ዋሉ» አለኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ልጅቱን ጠርቼ ነገርኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«እማዬ፣ ዘንድሮ ሰው አትጥሪ።»

«ለምን?»

«ካልጠራሻቸው አልመጡም አይባልማ።»

የስምንት ዓመት ልጅ። ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም።

መምህሩ ይህን ሲሰማ ቁጣው መጣ። እሱ ሲቆጣ አይጮኽም፣ ሥራ ይጀምራል። እስከዚያ ዓመት በዓላችንን እቤት ዘግተን ነበር የምናከብረው፣ ቅጠል ጎዝጉዘን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። «ዘንድሮ ዳስ እተክላለሁ» አለ፣ «ደጅ ላይ፣ ሰው እያየ። ልጄ ተደብቃ አታድግም።» እና መጥረቢያ ተዋሰ፣ እንጨት ተከለ። ያ ሰው እኮ ከጠመኔ በቀር ምንም ይዞ አያውቅም። ሎኮ ወተቷን ይዛ ስትመጣ ያንን የተንጋደደ ነገር አየች፣ ጮጮዋን አስቀመጠችና በሳቅ ሞተች።

«ኩን መና ሚቲ» አለች፣ «ይሄ ቤት አይደለም። መምህር፣ ፍየል ካነጠሰች ይወድቃል። ወንድ ቤት ሲሠራ የት አይተህ ነው?»

ቦረና ዘንድ ቤት የሚሠራው ሴት ነው፣ ታውቁ የለ? ታዲያ በነጋታው ሎኮ ሦስት ሴቶች አስከትላ፣ ቅርንጫፍ በጀርባቸው ተሸክመው፣ በገበያው መሃል አልፈው መጡ። ያን ሁሉ ቅጠል ያየ ሰው «ለምንድን ነው?» ይላል፣ ሎኮም «የመምህሩ ዳስ ነው» ትላለች። ውሸት የለበትም። ሴቶቹ በግማሽ ቀን ሙሉ ሠርገኛ የሚያስቀምጥ ዳስ አቆሙልን። ነፋስ ሲመጣ ንቅንቅ አላለም።

አሁን እዩት ነገሩን። ከተማ ውስጥ ዳስ የሚጣለው ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለለቅሶ። እኛ ቤት የሚዳር የለም። መምህሩ ደግሞ ወባ ጥሎት ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀርቶ ገና መነሳቱ ነበር። እና ሰው ምን ይበል? አንዱ ለአንዱ ነገረ፣ ያም ለጋሽ ወልዴ ነገረ። ጋሽ ወልዴ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ናቸው። እድር እኛም ነበርንበት፤ አብሮ የማይበላም ቢሆን አብሮ ይቀብራል፣ ይህ የአገር ወግ ነው።

የበዓሉ ዕለት ገና ጎህ ሲቀድ ጥሩንባ ሰማን፣ ከገበያው ማዶ። ስም ሲጠሩ ነፋሱ ይወስደዋል፣ አይለይም። እኔ ዳቦውን ከምጣድ እያወጣሁ «ዛሬ ደግሞ ማን አረፈ ይሆን?» አልኩ። መምህሩ ነጭ ነጠላውን ሊለብስ ቆሞ ነበር፣ አቆመና «ማንም ይሁን፣ ነፍሱን ይማር» አለ። በገዛ ራሱ ሞት!

ከዚያ እኛ ወደ ዳሱ ገባን። መምህሩ ጸሎቱን ጀመረ፣ ትርንጎ ያንኑ የዓምናውን ቀሚስ ለብሳ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ቀሚሱ አጥሯል። ብዙም ሳይቆይ ከመንገዱ በኩል እሪታ ሰማን። እሪታው እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ። በአጥሩ አሻግሬ ባይ መንገዱ ሰው ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ አስተማሪዎች በሙሉ፣ ተማሪዎቹ ተሰልፈው፣ የጉራጌ ነጋዴዎቹ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ በሰፌድ ተሸክመው። ከሁሉ ፊት ማን አለች? ወይዘሮ ታንጉት። ደረቷን እየደቃች፣ እንዲህ እያለች፦

«ወየው የአገሬ ልጅ፣ ወየው! ልጄን ፊደል ያስቆጠርክ መምህሬ! በሰው አገር ቀረህ ወይ!»

እኔ ማን እንደሞተብኝ ማሰብ ጀመርኩ፤ እናቴ ትሆን እንዴ ጎንደር ላይ? እነሱ በሩን ገፍተው እየተላቀሱ ገቡ፣ ታንጉትም ዳሱ ውስጥ ዘው ብላ ልትደፋ ስትል መምህሩ ከነመጽሐፉ ብድግ አለ። ሰው ሲገባበት ይነሳል፣ ጨዋ ነዋ።

«በሰላም ነው?» አለ፣ «ማን ሞተ?»

ታንጉት አፏን እንደከፈተች ቀረች። ጋሽ ወልዴ ጥሩንባቸው ከእጃቸው ወደቀ። በመጨረሻ እሳቸው ራሳቸው ቀስ ብለው፦

«መምህር፣ አንቱ ነዎት» አሉ።

መምህሩ ያንን ሁሉ ሕዝብ አየ፣ ዳሱን ቀና ብሎ አየ፣ እና ገባው። መሳቅ ጀመረ። ያ ዝምተኛ ሰው ወገቡን ይዞ ሳቀ፣ ተማሪዎቹ ተከተሉት፣ ከዚያ የቆመው ሁሉ። በእንባ ላይ ሳቅ ሲመጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማቆሚያ የለውም። ያን ጊዜ ቀሚሴን የሚጎትት ተሰማኝ። ትርንጎ ናት። ፊቷ በርቷል።

«እማዬ» አለችኝ፣ «ሳንጠራቸው መጡ።»

እኔም ጮክ ብዬ ተናገርኩ፣ ኩራቴን ዋጥኩት። ማንም አልሞተብንም፣ ዳሱ የበዓላችን ነው፣ ዛሬ ደግሞ የልጄ ልደት ነው፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ቁጭ በሉልኝ አልኩ። ተቀመጡ። ለቅሶ መጥቶ ሳይቀመጥ የሚሄድ የለማ። የጋገርኩትን ሁለት ድፎ አወጣሁ፣ አባቷ ባረከ፣ ቆረሰ፣ ትርንጎም ሳህኑን ያዘች።

እኔ ለሎኮ ትወስዳለች ብዬ ነበር። ሎኮ በር ላይ ቆማ እየሳቀች ነበር። ልጅቱ ግን ሎኮን አለፈቻት። አስተማሪዎቹን አለፈቻቸው። ቀጥ ብላ ሄዳ ታንጉት ፊት ቆመች፣ ሳህኑንም በሁለት እጇ ዘረጋች። ያ ሁሉ ሰው ያውቃል፤ ወሬውን ከታንጉት አፍ ነው የሰማው። ብትመልሰው ልጄ ድጋሚ ቀና እንደማትል አወቅኩ። እና እኔ፣ ማንንም የማልለምነው፣ ያን ጊዜ በልቤ ፈጣሪዬን ለመንኩ።

ታንጉት ዳቦውን አየችው። ዓይኗ ገና እንባ ነው። ረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«የአገሬ ልጅ ብዬ አገር እየሰማኝ አልቅሼለታለሁ» አለች። «ካለቀስኩለት ቤት እንጀራ አልበላም ብል እኔ ምን ሰው ነኝ?»

እና አነሳች፣ ጎረሰች። ከዚያም ሁለተኛ ጎረሰች፣ ሰው ሁሉ እንዲያይ። ትርንጎንም ስባ ጭንቅላቷን ሳመቻት።

አበቃ። ከዚያ በኋላ ዳቦ ቢባል፣ ንፍሮ ቢባል፣ ፍርፋሪ አልተረፈም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ከለቅሶ ወደ ደስታ እያዞሩ ተሳሳቁ፣ ነጋዴዎቹ ወደ ሱቃቸው ልከው ከረሜላ በካርቶን አስመጡ፣ ተማሪዎቹ የሻምበል ልጆች የሚዘፍኑትን የልደት ዘፈን ለልጄ ዘፈኑላት። ጋሽ ወልዴም እንዳፈሩ አልቀሩም፤ የቀብር ጥሩንባቸውን አንስተው የሠርግ ዜማ ነፉበት። እኔ እልልታዬን ለቀቅኩት። ስንት ዓመት አፍኜው የነበረውን እልልታ።

በዓመቱ ታንጉት በጠዋት ዱቄት ተሸክማ በሬ ላይ ቆመች። «ዘንድሮስ ማን ሞተ?» አለችኝ። «ማንም አልሞተ፣ ግቢ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ የትርንጎ ልደት ሲመጣ ሰላምታው ይኸው ሆነ፤ በዓሉ ቢገጥም ባይገጥም ዳስ እንጥላለን፣ ሰው አንጠራም፣ ሰው አይቀርም። መምህሩም ያን የመሰለ ለቅሶ ከተለቀሰለት በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። «ማን እንደሚወደኝ ቆሜ ያየሁ ሰው ነኝ» እያለ ይኮራ ነበር። ያቺ «ሰው አትጥሪ» ያለችኝ ልጅም፣ ስትዳር ግቢው አልበቃንም፤ አጥር አፈረስን።

እንግዲህ ሰው ካልጠሩት አይመጣም የሚለውን እኔ አልቀበልም። አንዳንዴ ደጅህን ከፍተህ ዳስህን ማሳየት ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

አኮ ሎኮ፣ አኮ በቦረናዎች አፍ አያት ማለት ነው፣ እስከዚህ ድረስ ሲሰሙ ቆይተው ወደ እኔ፣ ወደ ጸሐፊው፣ ዞሩ። ምርኩዛቸውን ደብተሬ ላይ አሳረፉ።

«ሰው ያመጣው ዳሱ ነው» አሉ። «ዳሱን የሠራሁት እኔ ነኝ። መምህሩ አይደለም። ጻፍ።»