ድምፁ ሳይሰማ የተመረጠው ተናጋሪ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የሳሙና ፋብሪካችን ሠራተኞች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለዚህች ሰዓት ያደረሰኝን አምላክ አመሰግናለሁ። ቀጥዬም ሥራ አቁማችሁ፣ ወንበር ደርድራችሁ እኔን ለመሸኘት የተሰበሰባችሁትን አመሰግናለሁ። ስለ ግድግዳ ሰዓቱም እግዜር ይስጥልኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አርፍጄ የማላውቅ ሰው፣ ማርፈድ በተፈቀደልኝ ቀን ሰዓት ተሸለምሁ።

ብዙዎቻችሁ «መሪጌታ» ትሉኛላችሁ። ወደ መዝገብ ቤታችሁ ከመምጣቴ በፊት ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ነውና። እዚያ አንድ ሰው ሊያስተምር ቢነሣ፣ ገና አፉን ሳይከፍት ይጠየቃል፤ «ከማን ተማርህ?» ይባላል። መምህሩን ይጠራል፤ መምህሩም ይጠየቃል። የድምፁ ማማርና የቀሚሱ መንጣት የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው።

እኛስ እንዴት እንመርጣለን?

ባለፈው ዓመት በምሥረታ በዓላችን ላይ ንግግር የሚያደርግ ባለሙያ እንድንመርጥ አምስት ሰዎች በኮሚቴ ተሰየምን። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርሁ። የሽያጭ ኃላፊው በምሳ ሰዓት ስልኩን አወጣና የአንድ ተናጋሪ ቪዲዮ ከፈተልን። የስልኩ ድምፅ ከተበላሸ ሰንብቷል።

«ምን እያለ ነው?» አልሁ።

«መሪጌታ ደግሞ! እጁን አያዩትም እንዴ?»

«እጁንስ አየሁት። የሚለውን ነው የጠየቅሁ።»

«ሕዝቡ ቆሞ እያጨበጨበ እኮ ነው!» አለች የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊዋ። «ደግሞ ጫማውን እዩልኝ!»

ጫማውን አየን። በእውነት ያማረ ጫማ ነበር። በጫማው መረጥነው።

ይህ ሰው ፋብሪካ ገብቶ ያውቃል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቀደም ሲል ወደ ጋበዙት ድርጅቶች የደወለም የለም። ማን ፊት እንደሚቆም፣ አድማጮቹ ምን ሠርተው እንደሚያድሩ የነገረው የለም። በር የሚጠብቅ ዘበኛ ስንቀጥር ዋስ እናስጠራለን። አራት መቶ ሰው ልብ ውስጥ የሚገባውን ግን ያለ ዋስ አስገባነው።

በቀጠሮው ቀን መጣ። መድረኩ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ «ሌላ ሰው እስኪያይላችሁ አትጠብቁ! ጥርጣሬ የደካሞች ነው!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሳሙና ፋብሪካችንን ሦስት ጊዜ «ይህ ባንካችሁ» ብሎ ጠራው። ለእሱም አጨበጨብን።

እንግዶችም ስላላችሁ ላስረዳ። ውሃ ፈልቶ እንፋሎት በሚሆንበት በቦይለር ክፍላችን አንድ ሥርዓት አለ። ሠራተኛው የቦይለሩን ክዳን ከመክፈቱ በፊት የእንፋሎቱን ግፊት መለኪያ አይቶ «ዜሮ!» ብሎ ይጮኻል። ባልደረባው ቀርቦ በገዛ ዓይኑ አይቶ «ዜሮ አየሁ!» ብሎ ይመልሳል። ሁለት ሰው ሳይመሰክር ያ ክዳን አይከፈትም። እኔ በበኩሌ በዚያ ክፍል ደጃፍ ባለፍሁ ቁጥር ያን ጥሪና ምላሽ እንደ ቅዳሴ እሰማው ነበር።

ከበዓሉ በኋላ በአራተኛው ቀን የቦይለር ሠራተኛችን «ዜሮ!» ብሎ ጮኸ። ባልደረባው ውሃ ሊጠጣ ወጥቶ ነበር። አልጠበቀውም። የመለኪያው መስታወት በላበት ተሸፍኗል፤ መርፌው ገና አልወረደም። እንፋሎቱ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ ቀቀለው።

ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅሁት። «ምነው ልጄ? አሥራ ሁለት ዓመት ስትጠብቅ የኖርህ ሰው!»

«ጋሼ፣ ሰውየው ‹አትጠብቁ› ሲል እርስዎ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበሩ» አለኝ። «ዝም ሲሉ ሳይ፣ እውነት ነው ማለት ነው ብዬ።»

ክቡራትና ክቡራን፣ ባለጫማውን ብቻ ነቅፌ ብሰናበት ደስ ባለኝ። ነገር ግን በዚያ ቃለ ጉባኤ ላይ «የተናጋሪው ብቃት ተረጋግጧል» የሚለውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ማን አረጋገጠ? ምን ሰምቶ? ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ ለእናንተ ግን ገና ዛሬ መናገሬ ነው።

ደግሞስ ያ ሰው በሚመጣው ሳምንት ተመልሶ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? ኮሚቴው ዘንድሮም መርጦታል። «ምነው እንደገና?» ብላቸው «ባለፈው ዓመት ተጨብጭቦለት የለም እንዴ?» አሉኝ። ካጨበጨቡለት እጆች የአንዱ ጣቶች ዛሬ አይታጠፉም፤ ይህን በሪፖርታቸው አላገኘሁትም።

የዘንድሮው ቃለ ጉባኤ ይኸው በኪሴ አለ። ያው ዓረፍተ ነገር ተጽፎበት ፊርማዬን ይጠብቃል። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይቀበሉኝ፤ ሳልፈርም መልሼልዎታለሁ።

«ታዲያ ማን ይናገር?» ትሉ ይሆናል። የቦይለር ሠራተኛው ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ዛሬ ጠዋት ብጠይቀው «ኧረ ጋሼ፣ እኔ ሰው ፊት መናገር አልችልም» አለኝ። ያኛው መናገር ይችል ነበር፤ ምን ተረፈን? ይህኛው ግን «ከማን ተማርህ?» ቢባል የሚያሳየው እጅ አለው።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። በሙሉ አካላችሁ የገባችሁ በሙሉ አካላችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ። ለምትመርጡት ማስተዋልን፣ ለምትፈርሙት ፈሪሃ እግዚአብሔርን ይስጣችሁ። የሚጠራችሁ ድምፅ ምላሽ አይጣ። ልጆቻችሁ እናንተን የሚተኩ፣ ከእናንተም የሚሻሉ ይሁኑ። እኔንም ዝም ስላልሁባት ቀን ይቅር ይበለኝ።

ሃያ ደቂቃ ሰጥታችሁኝ ነበር፤ የቀረው የእሱ ነው። ና ልጄ፣ ወደዚህ ውጣ፤ አትፍራ። ድምፅ ማጉያውን ማለዳ መጥቼ ሞክሬዋለሁ፤ ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል።