ጋሼ ሱሌማንና የጨርቋ ቋጠሮ

አቶ ሱሌማን በፋሲሎ ሰፈር ስማቸው የታወቀ ልብስ ሰፊ ናቸው። እጃቸው ከጨርቅ ጋር ይግባባል፤ ጉልበታቸው ግን ከእሳቸው ጋር ከተኳረፈ ዓመታት አልፈዋል። አርባ ዓመት ሙሉ ከስፌት መኪናቸው ኋላ እንደተቀመጡ ሻዩም ክሩም መቀሱም ያሉበት ድረስ ሲቀርብላቸው ኖሯል፤ ይህንንም የትልቅ ሰው ወግ ነው ብለው ያምኑ ነበር።

አምና ሐይቁን አቋርጠው ወደ ቁንዝላ ሊሻገሩ ወደቡ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ወደ ጀልባው አልራመድ አለ። ሁለት ወዛደሮች እንደ ጆንያ አንሥተው አስገቧቸው፤ ሰውም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ጀልባ ላይ ላይወጡ ማሉ። አሁን ደግሞ ቁንዝላ ያለችው የልጅ ልጃቸው ሰሚሐ ከአራት ወር በኋላ ኒካሕ ልታስር ነው። የመኪናውን ኮረኮንች መንገድ ወገባቸው አይችለውም። ሰሚሐን እንደ ነፍሳቸው ይወዷታል፤ ቢሆንም «ታመመ በሏት» ብለው ሊቀሩ ቆርጠዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር ቀስ እያሉ ሲያልፉ አንዲት ትንሽ የጨርቅ ቋጠሮ እግራቸው ሥር ወድቃ ፈነዳች። ምስር ተበተነ። ቀና ሲሉ የጎረቤታቸው ልጅ ናኢማ ክብ ሠርተው በእግር ከሚጫወቱ ጓደኞቿ መካከል እየሮጠች መጣች። ናኢማ በስፖርት ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀች ልጅ ናት።

«ሱብሐነላህ! እህል በእግር ትመታላችሁ?»

«አፉ ይበሉኝ ጋሼ። የነቀዘ ምስር ነው።»

«ቢነቅዝስ? እህል መሆኑ ቀረ? ደግሞ ይህን ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያስታውቃል!»

ናኢማ ሳቀች። ልብስ ሰፊ መጥፎ ስፌት አይቶ ማለፍ አይሆንለትምና ሽማግሌው ቋጠሮዋን አንሥተው ያገላብጡ ጀመር። «ለመሆኑ አንቺን የመሰለች የተማረች ልጅ በዚህ ምን ትጠቀማለች?»

«በፈረንጅ አገር ፉትባግ ይሉታል፤ እኛ ቋጠሮ ብለነዋል። እጅ ሳይነካት፣ መሬት ሳትወድቅ በእግር ማንቀርቀብ ነው። ሜዳ አይፈልግ፣ ተጋጣሚ አይፈልግ። አንዱን እግር ባነሡ ቁጥር ሌላው ሰውነትዎን ይሸከማል። ጉልበትና ዳሌ ይፍታታል፣ ሚዛን ይለመዳል፣ ልብም ትሠራለች።»

«እኔ በዚህ ሽበት ጨርቅ ስራገጥ ሰው ቢያየኝ ምን ይላል?»

«አምና ወደቡ ላይ ሲያነሡዎትስ ሰው ምን አለ?»

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። አቶ ሱሌማን ግን አልተቆጡም።

«ሳቀ። እኔም ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ፤ ለባለቤቴ ለከሪማ እንኳ አልነገርኋትም። የሰሚሐ ኒካሕም የሚያልፈኝ በዚሁ ነው።»

«ሐኪሙ ምን አለዎት?»

«ተንቀሳቀስ አለ። ሥራዬ መቀመጥ! ወዴት ልንቀሳቀስ?»

«ከሱቅዎ ሳይወጡ ይጀምሩ። ጠረጴዛውን ይዘው እግርዎን በየተራ አሥር አሥር ጊዜ ያንሡ። ያመመዎት ቀን ይተዉት። ከዚያ ቋጠሮዋን አንድ ጊዜ ብቻ ይምቷት፤ ሁለተኛዋ ራሷ ትመጣለች።»

ሽማግሌው ቋጠሮዋን ኪሳቸው ከተቱ። «እሺ። ነገር ግን እህል አይሞላባትም! የሐይቁን አሸዋ አጥበሽ አድርቀሽ አምጪ። እኔ ከጂንስ ቁራጭ በድርብ እሰፋታለሁ።»

ናኢማም በዚህ ተረታች። ትምህርት ከወጣቱ ብቻ ይመጣል ያለ ማን ነው? የአሸዋዋ ቋጠሮ ከምስሯ ይልቅ እግር ላይ ረጋ ብላ ተገኘች።

አቶ ሱሌማን የመጀመሪያውን ሳምንት የሱቁን በር ዘግተው ነበር የሚለማመዱት። አንድ ቀን ቋጠሮዋ የክር መደርደሪያውን ስትንደው ባለቤታቸው ከሪማ በሩን ከፍተው ገቡ። ባላቸውን በአንድ እግር ቆመው ቢያዩ እስኪያነቡ ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፉና «እስቲ ወዲህ ይምቷት!» አሉ። ሦስት ጊዜ አከታትለው መለሱላቸው። ባልየው በዚህ እልህ ያዛቸው፤ በሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተዘጋም። መቀሳቸውንም ተነሥተው ራሳቸው ማምጣት ጀመሩ። በሦስተኛው ወር ጠረጴዛ ሳይዙ አሥራ ሰባት አደረሷት፤ መንገደኛውም ቆሞ ይቆጥርላቸው ነበር።

የጉዞው ቀን ወዛደሮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ወደ እሳቸው ሮጡ። «ተዉ ልጆቼ፣ ዕቃውን አንሡ» አሉና አንዱን እግር አስቀድመው፣ ሁለተኛውን አስከትለው ጀልባው ውስጥ ገቡ። ልባቸው በደስታ ዘለለ። አጠገባቸው የተቀመጡት የቀድሞ ደንበኛቸው አቶ ወልደ ዮሐንስ ተገርመው «ምን መድኃኒት አገኘህ?» አሏቸው።

«ጨዋታ ነው ወዳጄ! ጉልበቴ ታዘዘልኝ፤ ደረጃ ስወጣ አላለከልክም፤ እንቅልፌ ተመለሰ። ከከሪማ ጋርም ስንስቅ እንውላለን። ክብሬ ወንበሬ ላይ ያለ መስሎኝ እግሬን ልገድለው ነበር። አንተም ተነሥ፤ ቋጠሮዋን እኔ እሰፋልሃለሁ።»

ቁንዝላ ሲደርሱ ሰሚሐ ዳር ላይ ቆማ፣ አያቷን ልትደግፍ ሁለት እጇን ዘርግታ ጠበቀቻቸው።

«እጅሽ ከተዘረጋ አይቀር ይህን ያዢልኝ» ብለው ሻንጣቸውን አስታቀፏትና ብቻቸውን ወረዱ። ሙሽራዋም ሻንጣውን እንዳቀፈች እልልታዋን አቀለጠችው።