ከማሰናበት በፊት መጠየቅ

ከአናጢነት ተነሥተው አሥራ አንድ ሠራተኞች የሚያሠሩ ባለ ወርክሾፕ የሆኑትን ሽማግሌ፣ ሠፈሩ ሁሉ አባ መለኪያ ይላቸዋል። ሜትር ከእጃቸው ስለማይለይ ነው እንጂ መጠጥስ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ እኚህ ሰው ፊታቸው እንደ ጠቆረ ወደ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ገቡና ጸሐፊዋን አዘዟት።

«ጻፊልኝ። ‹ከዛሬ ጀምሮ ከሥራ ተባረሃል።› በቃ፤ ሌላ ነገር አትጨምሪበት።»

ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ የቆመች ሴት ድምፃቸውን አውቃ ዘወር አለች። የሟች እህታቸው ልጅ ነበረች፤ ሕግ ተምራ አሠሪዎችን በማማከር ትተዳደራለች። ጉንጫቸውን ሳመቻቸውና፣

«ጋሼ፣ የሚባረረው ማን ነው?» አለቻቸው።

«ዝምተኛው ነው፤ የመላጊያ ማሽኑ ሠራተኛ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ ሠርቶ አሁን ናቀኝ። ስጠራው ጀርባውን ሰጥቶኝ ይቆማል። ይህን አምጣ ስለው ያንን ያመጣል። ትናንት አንድ ሙሉ የጠረጴዛ ጣውላ አበላሸና በሰው ሁሉ ፊት ‹ከነገ ጀምሮ እንዳላይህ› አልኩት። ዛሬ ጠዋት ስመጣ ምንም እንዳልተባለ ሰው ማሽኑ ላይ ቆሞ ይልጋል። ከዚህ የበለጠ ንቀት አለ?»

«ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠይቀውታል?»

«ዐይኔ ያየውን ምን ብዬ እጠይቃለሁ?»

ልጅቷ ጸሐፊዋን ጥቂት እንድትታገሥ ለምና፣ አጎቷን በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ለመሆኑ ሰውየው የሥራ ውል አለው?»

«ውል ከባዳ ጋር ነው፣ ልጄ። እኔ ሠራተኞቼን እንደ ልጆቼ ነው የማያቸው። ሲታመሙ እጠይቃለሁ፤ ሲያገቡ እድራለሁ። በአባትና በልጅ መካከል ወረቀት ምን ይሠራል?»

«አባት ልጁን በአንድ መስመር ጽሑፍ ያባርራል?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቤቱ የኔ፣ ማሽኑ የኔ፣ ጣውላው የኔ። ድሮ በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባል ነበር። የዛሬው ሕግ ግን ሠራተኛን አናታችን ላይ ለማውጣት የተጻፈ ነው። ለእኛ ለአሠሪዎቹ ማን አለን?»

«ያው ሕግ አለልዎት። ጥፋቱን በጽሑፍ ይይዛሉ፤ ሰውየውን ጠርተው መልሱን ይሰማሉ፤ የሚታረም ከሆነ ያስጠነቅቃሉ፤ ካልታረመ ያሰናብታሉ። ይህን በሥርዓት ያደረገ አሠሪ ቢከሰስም አይፈራም። በቁጣ ያባረረ ግን እውነት ቢኖረው እንኳ ማስረዳት ያቅተዋል። እርስዎ ጣውላ ሲገዙ ከአብሮ አደግዎ ሳይቀር ደረሰኝ ይቀበላሉ። ስላላመኑት ነው?»

«አይ፣ ነገ ነገር እንዳይመጣ ብዬ ነው።»

«የሰው ኑሮ ታዲያ ከጣውላ ያንሳል?»

የሽማግሌው ቁጣ ግን አልበረደም። ልጅቷም ይህን አይታ፣ «ደብዳቤው ለዛሬ ይቆይ» አለቻቸው። «እኔ ባለሁበት ይጠይቁት። በቂ መልስ ከሌለው ማስጠንቀቂያውንም ስንብቱንም በሥርዓቱ እኔው እጽፍልዎታለሁ።»

እምቢ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ነገር ግን ልጅቷ ስትለምን እናቷን መሰለቻቸውና ተነሡ። የተቆጣን ሰው ጥቂት ማቆየት የዳኝነት ግማሽ ነው።

የመላጊያው ጩኸት ከግቢው በር ውጭ ይሰማል። ውስጥ ሲገቡ የእንጨቱ ብናኝ እንደ ጉም ተንሳፍፏል፤ ሠራተኞቹ የሚግባቡት በእጅ ምልክት ነው። ዝምተኛው በሳንቃ ወደ ተከለለችው ቢሮ ተጠርቶ፣ ቅንድቡ ላይ ያረፈውን ብናኝ እየጠረገ ገባ። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው።

አባ መለኪያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ «ትናንት ያልኩህን ሰምተሃል ወይስ አልሰማህም?» አሉ።

ዝምተኛው ቅንድቡን መጥረጉን ቀጠለ።

«አየሽ? ይኸው ነው ጠባዩ።»

እሷ ግን የሰውየውን ዐይኖች ታይ ነበር። ዐይኖቹ አንዴ ወደ እሷ ከንፈር፣ አንዴ ወደ ሽማግሌው ማጅራት ይመላለሳሉ። ነጭ ወረቀት ሳበችና «ይሰማዎታል?» ብላ ጽፋ አቀበለችው። ወረቀቱን አነበበ። ከዚያም ለዚያች ጠባብ ክፍል በማይገባ ከፍተኛ ድምፅ ተናገረ።

«ቀኙ ከጠፋ ሦስት ዓመቱ ነው። ግራው ካቻምና ጀመረው። አፍ አፋችሁን እያየሁ ነው የምሠራው። ጋሼ ከኋላዬ ሲጠሩኝ አላውቅም። ትናንት እንደተቆጡኝ ከፊታቸው ለይቻለሁ፤ ያሉኝን ግን ጢማቸው ሸፈነብኝ።»

አባ መለኪያ ዞሩ። በዝግታ፣ ከንፈራቸውን እያሳዩ፣ «ለምን አልነገርከኝም?» አሉት።

«ደንቆሮ ማን ያሠራል ብዬ ነዋ። አራት ልጆች አሉኝ።»

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። አንድ ቀን ይህ ሰው የጆሮ መድፈኛ እንዲገዛለት ጠይቋቸው፣ «ስንት ዓመት የሠራህበትን ማሽን ዛሬ ፈራኸው?» ብለው ሠራተኛውን ሁሉ አስቀውበት እንደነበር ትዝ አላቸው። ከዚያም ወደ ልጅቷ ዞረው፣ «ሕጉ ስለዚህ ምን ይላል?» ሲሉ ጠየቁ።

«በሥራ ምክንያት የመጣ ጉዳት ነው ይላል። መከላከያ መስጠትም ማሳከምም የአሠሪው ግዴታ ነው። ጋሼ፣ ጆሮውን የበላው ማሽንዎ ነው፤ እርስዎ ደግሞ ኑሮውን ሊጨምሩበት ነበር።»

በማግሥቱ አባ መለኪያ ሰው ሳይልኩ ራሳቸው ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ቀኙ አይመለስም ተባለ፤ ከግራው የቀረችው ጥቂት የመስማት ችሎታ ግን ከጩኸት ከራቀ ልትቆይ ትችላለች። ስለዚህ ደመወዙ ሳይነካ ጩኸት ወደሌለበት ወደ ቫርኒሽ ክፍል ተዛወረ።

ከዚያ ልጅቷ ለአሥራ አንዱም የሥራ ውል አዘጋጀች። ሠራተኞቹ ግን ወረቀቱን ሲያዩ ደነገጡ፤ «ጋሼ ሊያባርሩን ነው» ተባባሉ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው የሥራ ሰዓቱን፣ የዕረፍት ቀኑን፣ የአደጋ መድኑን አንድ በአንድ አነበቡላቸው። ያን ዕለት የፈረሙት ሰባቱ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት አራቱ ቤታቸው ወስደው አስነብበው ሳምንት ቆይተው ፈረሙ። መላጊያውና መሰንጠቂያው ዘንድ የጆሮ መከላከያ ሳያደርጉ መቆም ተከለከለ፤ በየዓመቱም የጤና ምርመራ ተደነገገ።

በዓመቱ አንድ ሠራተኛ የበር ማጠፊያ ሲሰርቅ ተያዘ። ተጠየቀ፤ መልሱ ተጻፈ፤ ምስክር ተሰማ፤ ተሰናበተ። ቢከስም ጉዳዩን ያዩት ዳኞች መዝገቡን አንብበው ለአሠሪው ፈረዱ። አባ መለኪያም ሕግ ለእሳቸውም እንደሚቆም ያን ቀን አመኑ።

ይህን የሰማ ጎረቤታቸው ብረት በያጁ ግን አልተዋጠለትም። «አባ፣ ሠራተኛን እንዲህ ካቀበጡት ነገ እርስዎን ያዝዝዎታል» አላቸው።



«እኔም እንዳንተ እል ነበር» አሉት አባ መለኪያ። «ሕጉ ያዘዘኝ ከማሰናበቴ በፊት እንድጠይቅ ብቻ ነው። በጊዜው ጠይቄው ቢሆን ኖሮ፣ ሐኪሙ እንደነገረኝ፣ አንዱ ጆሮው ይተርፍ ነበር።»

 ብረት በያጁ ወደ ሱቁ ተመልሶ ያለ መከላከያ መነጽር የሚበይደውን ሠራተኛውን፣ «ዐይንህን እንዴት ነህ?» ብሎ ሲጠይቀው ተሰማ።