ባለ ሞፈሩ ትሬይለር

— ሄሎ... ሄሎ፣ እትዬ ዘነቡ? ትሰሚኛለሽ?... እኔማ እሰማሻለሁ፣ ልጁ እያለቀሰ ነው እንጂ። ቆይ በሩን ልዝጋው... አሁንስ?

— ደህና ነን፣ ተመስገን። ይሄ ደህና ከተባለ... ተነሳሽ እንዴ? ድራይቭ እያደረግሽ ነው? እንግዲያው ስፒከር ላይ አድርጊኝ፣ መንገዱ ያንሸራትታል።

— ሻንጣው? ግማሹን ከትቻለሁ። የናፍያድን ልብስ፣ ዳይፐሩን... የኔን ገና። አነሳዋለሁ፣ መልሼ አልጋው ላይ አስቀምጠዋለሁ። እጄ እምቢ አለኝ፣ እትዬ።

— ኧረ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ኢንቨር ግሮቭ ሰፈር ያለው ቤትሽ ሥር የሚኖር ሰው የለ፣ ቢያለቅስም ያልቅስ። በረዶው እስኪሄድ ነው... አዎ፣ እስከ ፋሲካ። ዋቁማ እዚህ ብቻውን ይቀራል። ሥራውን ጥሎ የት ይምጣ?

— እሱ? ባሌን አታውቂውም? ሲከፋው አፉ ይዘጋና እጁ ይሠራል። ማታ «ልጁን ይዤ እትዬ ጋ ልሄድ ነው» ስለው «እሺ» አለና መዶሻውን ይዞ ቤዝመንት ወረደ። ይኸው እስካሁን እዚያው ነው።

— አዎ፣ ያው ትሬይለር። በጋውን ልጁን በብስክሌት ሲጎትትበት የነበረው። ታስታውሺ የለ፣ ናፍያድ እዚያ ውስጥ ከገባ አንድ ብሎክ ሳይዞሩ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ነበር የሚወስደው። ልጄ አልጋ አይወድ፣ ጀርባ አይወድ፣ መሄድ ብቻ ነው የሚወደው። በረዶው ሲወድቅ ጎማው እየሰመጠ አልሄድ አለ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከቤታችን ወጣ።

— መኪና ውስጥማ ጭራሽ ይብስበታል። ገና ቀበቶው ቀጭ ሲል ነው የሚጀምረው።

— ሴትዮዋ? የታችኛዋ ጎረቤት? እንደገና ኦፊስ ሄዳ ኮምፕሌን አድርጋለች። አልፈርድባትም፣ እሷም ጠዋት ሥራ ገቢ ናት። ማኔጀሩ አንድ ጊዜ ከተደገመ የቤት ኪራይ ውላችሁን አላድስም አለ።

— እሱን እንኳ እችለው ነበር። እኔን ያስፈራኝ የራሴ ነገር ነው። ባለፈው ሥራ ላይ የአንዷን አሮጊት መድኃኒት ለሌላዋ ልሰጥ እጄን ዘርግቼ... አዎ። ስሟን አየሁና ክው አልኩ። አልሰጠኋትም፣ ግን ለጥቂት። ሰው ልገድል ነበር፣ እትዬ። እንቅልፍ አጥቼ ሰው ልገድል ነበር።

— ... አላለቀስኩም። ናፍያድ ነው... እሺ፣ እኔም ነኝ።

— ስኪውን ምን አደረገው? እንዴት መሰለሽ፣ ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ ያንን እግር ላይ የሚታሰር የበረዶ መንሸራተቻ ገዛ፣ አሳጥሮ ቆረጠው፣ የትሬይለሩን ጎማ አውልቆ በቦታው በእንጨትና በብሎን አሰረው። ትናንት በልጁ ምትክ የጤፍ ዱቄት ከረጢት አስቀምጦ ሞከረው። ኮፍያ ሁሉ አልብሶታል... አትሳቂ። አዎ፣ አንቺ ያመጣሽልን ጤፍ ነው።

— «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አትበይኝ፣ እኛ ቸግሮን ነው።

— ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረና ጎተተው። መጀመሪያ ንቅንቅ አልል አለ። ለምን ብትይ፣ ስኪ ሥሩን ሰም ይቀባል ሲሉ ሰምቶ ጧፍ ቀብቶታል... ያንን ጧፍ፣ አዎ፣ አንቺ የሰጠሽኝን። በረዶው እንደ ሊጥ ተለጠፈበት... እትዬ፣ ስለ ጧፉ ስትደርሺ ትቆጪዋለሽ። ብቻ ፍቆ አነሳውና ተራ ሻማ ቀባው፣ ሄደለት። ታዲያ ከፓርኪንግ ሎቱ ወደ ፓርኩ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ገመድ ምኑን ይይዘዋል? ትሬይለሩ ከኋላ መጥቶ ተረከዙን መታና ጣለው። አልፎት ሄዶ ዛፍ ሥር ተገለበጠ። ጤፉ በረዶው ላይ ብትን።

— እኔ እዚህ መስኮት ላይ ቆሜ እያየሁ ነበር። ያ ከረጢት ልጄ ቢሆንስ ኖሮ? ሻንጣውን ያወረድኩት ያኔ ነው። አንቺጋም የደወልኩት።

— ቆይ... በሩ ተከፈተ። መጣ... (ዋቁማ፣ ጫማህን አውልቅ። እትዬ ናት፣ መንገድ ላይ ናት... ምንድን ነው እሱ? የመጥረጊያዬ እጀታ አይደለም?)

— ትሰሚዋለሽ? መጥረጊያዬን ነቅሎታል፣ የበረዶ አካፋውንም እንደዚሁ። ሁለቱን እጀታዎች ከትሬይለሩ ወደ ወገቡ አስሮ... (ምን? ቀስ ብለህ ንገረኝ።) ሞፈር ነው የረሳሁት ይላል። በሬ በገመድ አያርስም፣ ሞፈር አለው፣ ሞፈር ደግሞ ስለማይታጠፍ ቁልቁለት ላይ ዕቃው በሬው ላይ አይወጣም ነው የሚለኝ። እኔ የከተማ ልጅ፣ ሞፈር የማውቀው መጽሐፍ ላይ በሥዕል።

— አዎ፣ ልጁን ስጪኝ እያለ ነው... (አይሆንም፣ ዋቁማ። ትናንት ያየሁትን አይቻለሁ።)

— ምን አለኝ መሰለሽ? «አንዴ ብቻ፣ ሜዳ ሜዳውን። ካልተኛ ሻንጣሽን እኔው ተሸክሜ መኪናው ውስጥ አስገባዋለሁ።»

— እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ጣቶቹ በመጋዝ ተቧጭረዋል። እትዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?

— (እሺ ውሰደው። ብርድ ልብሱን ድረብለት። ኮፍያውን ወደ ታች... ቀበቶውን አጥብቅ። ሜዳ ሜዳውን ብለሃል፣ ዋቁማ።)

— ወረዱ። ልቤ አብሯቸው ወረደ።

— በመስኮት እያየሁ ነው... ይኸው ወጡ። አምና ለሱፐር ቦውል ግጥሚያ የመጡትን እንግዶች በመኪና ሲያመላልስ የገዛውን ትልቅ ካፖርት ለብሷል። አስገባው፣ አሰረው። የናፍያድ ጩኸት እዚህ ድረስ ይሰማል... ተነሱ። ሲሄድ ደግሞ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ አይዋልልም።

— ጋራዡን ዞሩ። አሁን አይታዩኝም።

— አንቺ የት ደረስሽ?... ገና ነሽ። ቆይ ወደ ኩሽናው መስኮት ልሂድ... ከዚህም አይታይም። በወዲያ በኩል መውጣት ነበረበት፣ እትዬ። ትንሽ ጋራዥ እኮ ነው።

— አይሰማኝም። የልጄ ድምፅ አይሰማኝም... አይ፣ መስኮቱን ከፍቼዋለሁ። ስንት ሳምንት ሙሉ ዝም በል እያልኩ ለምኜው፣ ዛሬ ዝም ሲል ጩኸቱን እየፈለግኩ ነው። አልቻልኩም፣ ልወርድ ነው። አትዝጊ።

— ... ደረጃ ላይ ነኝ... ትሰሚኛለሽ? ይቆራረጣል... ወጣሁ። ብርዱ ፊቴን ላጠው። የስኪው መስመር ይኸው፣ በጋራዡ ኋላ... ወደ ቁልቁለቱ ነው እንዴ? አይደለም። አይደለም፣ ታጥፏል፣ ሜዳውን ይዟል... አየኋቸው።

— ቆይ... ቀስ ብዬ ነው የማወራሽ።

— ተኝቷል።

— ተኝቷል እኮ ነው የምልሽ። አፉን ከፍቶ። እስትንፋሱ ይታየኛል፣ ጭስ ጭስ ይላል... አይ፣ ዋቁማ አልቆመም። ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ምልክት ሰጠኝ፣ ግን አልቆመም። ከቆመ ይነቃል። እሱም ዓይኑ ሊከደን ደርሷል፣ እየሄደ ሊተኛ ነው። ይህን ሰው ነው ትቼ ልሄድ የነበረው።

— አትመለሺ፣ ከደረስሽ ነይ። ቤቱን ክፍት ትቼዋለሁ። ግቢና ሻንጣውን ፍቺልኝ... ሁሉንም። እኔ ከጀመርኩት መልሼ እከተዋለሁ። ዋቁማን ሾርባ አጠጪውና ይተኛ፣ ስለ ጧፉ ነገ ትቆጪዋለሽ። ቀሪውን እኔ እጎትታለሁ።

— ደግሞ እትዬ፣ ወፍራም ጫማዬን ይዘሽልኝ ውረጂ፣ በነጠላ ጫማ ነው የወጣሁት... ፓርኪንግ ሎቱ ስትደርሺ ጡሩምባ እንዳትነፊ።

— (አምጣው፣ ዋቁማ፣ ለእኔ እሰረው። ቀስ... እየሄድን፣ እየሄድን።)

— እትዬ፣ ልዘጋው ነው። ሞፈሩ ሁለት እጅ ይፈልጋል።